ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል የተያዘ እውነት

ሰውን ለራሱ ጥቅም ሲባል እውነቱን መንፈግ ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄው አሮጌ ነው። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተሰኘው መጽሐፉ ገዢዎች ለከተማይቱ ጥቅም ሲሉ ሐሰት ቢናገሩ ይፈቀድላቸዋል ብሏል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ በ1797 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ወዳጅህን ሊገድል ለሚያሳድድ ነፍሰ ገዳይ እንኳ መዋሸት አይገባህም እስከ ማለት ደርሷል። በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ሰፊ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንኖረውም እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከፈላስፎቹ ሰማይ አውርደን በአንድ ተጨባጭ ነገር ብንፈትነው ይሻላል። የምንፈትንበት ነገር ደግሞ ሰው ሁሉ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የሚጠይቀው የአየር ጠባይ ነው።

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017) ማክሰኞ ዕለት የአሜሪካን ሰሜን ምሥራቅ ክፍል አንድ ብርቱ ማዕበል መታው። በሜትሮሎጂ ባለሙያዎች አቆጣጠር ጸደይ የሚጀምረው ከማርች 1 ቀን ስለሆነ፣ በእነርሱ ቁጥር የብርዱ ወራት አልፏል። ብርዱ ግን የቀን መቁጠሪያ አያነብም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ትንሽ ያስቸግራል። እኛ «በረዶ» ስንል ቶሎ የሚታሰበን ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጣሩ ነው። በዚያ አገር ግን ከሰማይ የሚወርደው ብዙ ዓይነት ነው። እንደ ባዘቶ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርድ አመዳይ አለ፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ስኖው» የሚሉት ነው። መንገድ ላይ ቀልጦ ወደ ምድር ሲቃረብ እንደገና ረግቶ ጠጠር የሚሆንም አለ። ዝናብ ሆኖ ወርዶ አስፋልትና የመብራት ሽቦ ሲነካ የሚረጋም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከላይ ባለው ቀዝቃዛ አየር መሐል ሞቃት አየር ሰርጎ መግባቱና የዚያ ንብርብር ውፍረት ነው። ማዕበሉ አቅጣጫውን ጥቂት ወደ የብስ ካዘነበለ፣ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ሞቃት አየር አብሮት ይገባና ግማሽ ሜትር ሊከመር ይችል የነበረው አመዳይ ወደ ጠጠርና ወደ ዝናብ ይለወጣል። በጸደይ መግቢያ የሚመጣ ማዕበል ለትንበያ አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለኒው ዮርክ ከተማ የተነገረው ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አመዳይ ነበር። አገረ ገዢዎች የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጁ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ያሉባቸው የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከመሬት በላይ የሚሄደው የከተማ ባቡር ቆመ፤ በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። በከተማዋ መሐል በሚገኘው ሴንትራል ፓርክ የተለካው ግን 20 ሳንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ አመዳዩ ወደ ጠጠር ተለውጦ ነበርና። በአንጻሩ ከባሕሩ ርቃ በምትገኘው በቢንግሃምተን ከተማ ከ75 ሳንቲ ሜትር በላይ ተከመረ።

ትንበያ መሳሳቱ ነውር አይደለም። ለክርክር የሚበቃው ቆየት ብሎ የተሰማው ነገር ነው። የአገሪቱ የአየር ጠባይ አገልግሎት ባለሙያዎች ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማዕበሉ ገና ሳይደርስ፣ በትልልቆቹ ከተሞች ላይ የሚወርደው አመዳይ ከተነገረው ሊያንስ እንደሚችል በስሌታቸው አይተው ነበር። ተመካከሩ። በመጨረሻም ቁጥሩን ላለመቀነስ ወሰኑ። ምክንያታቸውን አልደበቁም፤ በመጨረሻው ሰዓት ብንቀንሰው ሕዝቡ ግራ ይጋባል፤ አደጋው ያለፈ መስሎት ወደ ሥራው ይሄዳል የሚል ነበር።

እነዚህን ሰዎች በችኮላ ሐሰተኞች ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የሙያቸው ታሪክ በሬሳ የተጻፈ ነው። በመጋቢት 1880 ዓ.ም. (ማርች 1888) ያንኑ አካባቢ የመታው ማዕበል በዝናብ ጀምሮ በአንድ ሌሊት ወደ አመዳይ ሲለወጥ ያስጠነቀቀ አልነበረም፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ግማሽ ያህሉ የኒው ዮርክ ሰዎች ነበሩ። በመጋቢት 1985 ዓ.ም. (ማርች 1993) የመጣው ታላቅ ማዕበል ግን ቀናት ቀደም ብሎ ተነገረ፤ አንዳንድ አገረ ገዢዎችም አንድ ቅንጣት ሳይወርድ የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጁ። እንደዚያም ሆኖ የሞተው ሰው ከ200 በላይ ነበር። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ እንዲህ ያለ ትውስታ ያለው ባለሙያ እጁ ወደ ማጋነን ቢያደላ አይፈረድበትም። ደግሞስ ጠጠርና የረጋ ዝናብ ከአመዳይ ያላነሰ መኪና ያንሸራትት የለ?

እኛም ብንሆን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዶች አይደለንም። የመርዶ ሥርዓታችንን እንመልከት። በውጭ አገር የሚኖር ልጅ እናቱ ስትሞትበት፣ ወንድሞቹ «ትንሽ አሟታል» እያሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያሳልፋሉ። ፈተናውን ይጨርስ፣ ወረቀቱን ያግኝ፣ ብቻውን ሆኖ አይስማ ይላሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ማንም አታለሉት አይልም። ታዲያ መርዶን ያዘገየ ወንድም የማይወቀስ ከሆነ፣ ቁጥሩን ያልቀነሰ የአየር ጠባይ ባለሙያ ስለምን ይወቀሳል?

በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ያለው እውነቱ ለሰሚው ምን ይሠራለታል በሚለው ላይ ነው። አንዳንድ እውነት የምንሸከመው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የምንወስንበት ነው። ሞት ከተፈጸመ በኋላ ሰሚው የሚለውጠው ነገር ስለሌለ፣ ሸክሙን በሰው ተከቦ እንዲሸከመው ማቆየት ርኅራኄ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ልጅ አውሮፕላን ተሳፍሮ ለቀብር ሊደርስ የሚችል ከነበረስ? ያን ጊዜ የተወሰደበት ውሳኔው ነው። ብዙዎች ዓመታት ካለፉ በኋላም ወንድሞቻቸውን የሚቀየሙት በዚህኛው ነው። የአየር ትንበያ ደግሞ ሁለመናው ለውሳኔ የሚሆን እውነት ነው። ሰው የሚሰማው ሊያለቅስበት ሳይሆን ነገ ልውጣ ወይስ ልቅር ብሎ ሊመርጥበት ነው። ቁጥሩን የያዘበት ሰው ምርጫውንም ይዞበታል።

የምርጫው ዋጋ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። ደመወዙ በወር የሚቆረጥለት ሰው ቤቱ ቢውል የሚጎድልበት ነገር የለም። በሰዓት የሚከፈለው የሆቴል አስተናጋጅ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛና ባለታክሲ ግን ያልሠራበት ቀን ከኪራዩ ይጎድላል። በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚገኙት በዚህ ወገን ነው። እነርሱ «ለደኅንነታችሁ ስንል» ሲባሉ፣ ከኪሳቸው የሚወጣውን ያሰላላቸው ማነው? እንዲወጡ ሊመከሩ ይገባ ነበር ማለቴ አይደለም። ማትረፊያቸውንና ማጉደያቸውን የሚመዝኑበት ሚዛን ትክክለኛ መሆን ነበረበት ማለቴ ነው።

ለሌላ ሰው ብሎ እውነትን ማሻሻል ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ ማጽናኛም ሊሆን ይችላል። በጣሊያን ላኩዊላ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ርእደ መሬት ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ምድር ስትንቀጠቀጥ ለነዋሪዎቹ የሚያረጋጋ ቃል ተነግሯቸው ነበር። በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና አንድ ባለሥልጣን ተፈረደባቸው፤ በ2014 ሳይንቲስቶቹ በይግባኝ ነፃ ወጡ። የሕጉን ነገር ለሕግ ሰዎች እንተወው። የላኩዊላው ማረጋጋትና የኒው ዮርኩ ማስፈራራት ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሰሚውን ያዩት እንደሚመዝን ሰው ሳይሆን በረት እንደሚገባ ወይም ከበረት እንደሚወጣ መንጋ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ነበር? መልሱ ከባድ አይደለም። ትንበያና ምክር ሁለት ነገሮች ናቸው። ባለሙያው «አመዳዩ ከተናገርነው ሊያንስ ይችላል፤ ጠጠርና የረጋ ዝናብ ግን መንገዱን ስለሚያበላሸው ባትወጡ እንመክራለን» ማለት ይችል ነበር። የመጀመሪያው ዕውቀቱ ነው፤ ሁለተኛው ሐሳቡ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ቁጥር ውስጥ ሲደበቁ፣ ሰሚው የትኛው የሰማዩ፣ የትኛው የሰውዬው እንደሆነ መለየት አይችልም።

«ሕዝብ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር አይገባውም» የሚል ይኖራል። ይህን አባባል እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ብዙ መንግሥታት ብለውናል። የአገራችን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የበልግና የክረምቱን ዝናብ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እያለ በይሆናል ይተነብያል። በይሆናል ማሰብ ለገበሬያችን አዲስ ነገር አይደለም። የበልግ ደመና ይዘንባል ወይስ ያልፋል እያለ፣ ዘሩን ከፍሎ ግማሹን ዘርቶ ግማሹን በጎተራ የሚያስቀምጥ ሰው ይሆናልን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዕድሜ ልኩን ሲመዝን የኖረን ሰው ሚዛን አታውቅም ማለት ስድብ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የራሴን ክርክር ማጋነን ይሆንብኛል። ቁጥሩ ተቀንሶ ቢነገር ኖሮ ምክሩን ሳይሰማ የሚወጣና በዚያ የረጋ መንገድ ላይ የሚሞት ሰው ሊኖር ይችል ነበር። ይህ ዋጋ እውነተኛ ነው፤ ካንትም ሊሰርዘው አይችልም። ያም ሆኖ ሚዛኔ ወደ መናገሩ ያደላል። ለደኅንነታችን ሲል ዛሬ አንድ ቁጥር የያዘብን ሰው፣ በሚቀጥለው ማዕበል እውነቱን ሲነግረን በምን እናውቃለን? ባንደርስበት እንኳ፣ ሳናውቀው የተመረጠልን ቀን የእኛ ቀን አይደለም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ለተበደለ ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው። ነገር ግን በማለዳ ተነሥቶ በዚያ መንገድ ላይ መሄድ ላለበት ሰው እያደር የሚጠራ እውነት አይበቃውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው በዋዜማው የሚነገረው ነው።