ቀለሙን በፀሐይ እየው

የኔ ልጅ፣ ሥራ መግባትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እሰይ፣ ተመስገን ነው። እናትህንም ሰሞኑን ፊቷ በርቶ አይቻታለሁ። በመጀመሪያው ደመወዝህ ሙሉ ልብስ ልትገዛ እንዳሰብክ ያጫወተችኝ እሷ ናት። አሳብህ መልካም ነው። ሥራውን የሚያከብር ሰው ለአለባበሱ ይጠነቀቃል። ቀለሙን ስትነግረኝ ግን ትንሽ ስጋት ገባኝ። ስልክህ ላይ ያሳየሃት ልብስ መብራት ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ደማቅ ሰማያዊ ነው አለችኝ። አይክፋህ ልጄ። ምርጫህን ልነቅፍ አይደለም። ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ጥቂት ላጫውትህ ብዬ ነው።

ብዙ ወጣት ልብስ ሊገዛ ሲወጣ መስታወት ፊት ይቆምና «ያምርብኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ግን ሁለተኛ መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው። አስቀድመህ «ይህን ለብሼ የማን ቤት እገባለሁ?» በል። አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ያለው ሰው በዚያችው ልብስ ሥራ ይገባል፣ ሠርግ ይጠራል፣ የወደፊት አማቶቹ ቤት ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። በአራቱም ቤት ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። አንተ አንድ ልብስ ነው የምትገዛው። ስለዚህ አራቱንም ቤት የሚያስገባህን ቀለም ፈልግ።

በተለይ ለቅሶን አስብ። እዚህ ቤቴል ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተለያየም፤ እድር አለ፣ ድንኳን ይተከላል። እኔም በእድራችን ድንኳን ውስጥ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁና የሚገባውን ሰው አያለሁ። ለቅሶ ቀን ቀጥሮ አይመጣም። ስልክ ይደወላል፣ ሰውም ከመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ይመጣል። ጠቆር ያለ ኮት የለበሰው ልጅ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ይከታል፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይደርባል፣ ገብቶ ከሰው መሀል ይቀመጣል። አለቀ። ደማቁን የለበሰው ግን ደጃፉ ላይ ያመነታል። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ያጥፈዋል። ማታ ማታ ደግሞ የኛ ሰፈር ብርዱን ታውቀዋለህ። ይንቀጠቀጣል እንጂ መልሶ አይለብሰውም። የሟች የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጁ ምንም አላጠፋ፣ ቀለሙ ነው ያሳጣው።

ቀለም ዝም አይልም ልጄ። በደርግ ዘመን ካኪ የለበሰ ሰው ከሩቅ ሲታይ የጀመርነው ወሬ ይቋረጥ ነበር። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ልብሱ ተናግሮ ጨርሷል። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል፤ ልብስ መናገሩን ግን አልተወም። አንተ ገና አዲስ ሠራተኛ ነህ። ሰዎች ሥራህን አያውቁትም። መጀመሪያ የሚያዩት ልብስህን ነው። እንግዲህ ልብስህ ካንተ ቀድሞ እንዳይጮህ አድርገው።

ምክሬን በግልጽ ልንገርህ። የመጀመሪያው ሙሉ ልብስህ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፤ ሻጮቹ ኔቪ ብሉ የሚሉት። እሱ በልክህ ከጠፋ ጥቁር ግራጫ ይሁን። ሦስተኛ አልጨምርልህም።

«ጥቁርስ?» ትለኝ ይሆናል። ጥቁር ክቡር ቀለም ነው፣ ለሐዘንም ለምሽት ግብዣም ይሆናል። ግን በየቀኑ ቢሮ ሲለበስ ይከብዳል፤ ጠዋት ጠዋት ያየህ ሁሉ «ማን ሞተ?» ይልሃል። ደግሞ ጥቁር አቧራ አይደብቅም። በበጋ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠህ ስትነሳ ጀርባህና መቀመጫህ አመድ መስሎ ይወጣል። የነጠላና የጋቢ ብናኝም ይለጠፍበታል። ርካሽ ጥቁር ጨርቅ ከሆነማ ፀሐይ ሲመታው ይዝጋል፤ ትከሻው ላይ ወደ ቡኒ ይሄዳል።

ጥቁር ሰማያዊ እነዚህን ሁሉ ይችላል። በቀን ፊትህን ፈካ ያደርገዋል፣ ማታ በመብራት ጥቁር ይመስላል። በ1936 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን የለቀቀው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድም ይህን አስተውሎ ነበር። የምሽት ልብሱን በጥቁር ፋንታ እጅግ በጠቆረ ሰማያዊ ያሰፋ ነበር፤ በኤሌክትሪክ መብራት ከጥቁሩ ይበልጥ ጠቁሮ ይታያል ብሎ። ስንት ሰፊ የሚታዘዝለት ንጉሥ የመረጠውን ቀለም አንተ በአንድ ደመወዝ ልታገኘው ትችላለህ።

ጥቁር ግራጫም እንደዚያው ታማኝ ነው። አቧራ ይችላል፣ ቶሎ አያረጅም፣ ቢሮም ድንኳንም ያስገባል። ነጣ ያለው ግራጫ ግን ይቆይህ። ለቀን ሠርግ ያምራል፣ ለማታና ለሐዘን አይሆንም። ቡኒም ይቆይ። የሚያምርበት ሰው አለ፣ ነገር ግን ከጥቁር ጫማ ጋር አይስማማም፤ ልብስ ገዝተህ ደግሞ ጫማ ፍለጋ ልትሄድ ነው።

ቢዥና ክሬሙንስ? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ነሐሴ 22 ቀን 2006 ዓ.ም. ቢዥ ሙሉ ልብስ ለብሰው ስለ ሶሪያ ጉዳይ መግለጫ ሰጡ። ሰዉ የተናገሩትን ትቶ ስለ ልብሳቸው ሲያወራ ሰነበተ። እሳቸው ስማቸው ከልብሳቸው ይበልጣልና ነገሩ ሳቅ ሆኖ አለፈ። አንተ ግን ገና ስምህን እየሠራህ ነው። በዚያ ላይ የሰፈርህን ክረምት አትርሳ። ሐምሌ ላይ ጭቃውን እየዘለልክ ታክሲ ድረስ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ጦር ኃይሎች ደርሰህ በባቡሩ ተጋፍተህ ሜክሲኮ ትወርዳለህ። ክሬም ሱሪ ይህን መንገድ አይችለውም። ቢሮ ስትደርስ ጠዋት የለበስከው ልብስ ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ።

አሁን ደግሞ ስለ አገዛዙ። አደራህን፣ እዚህ ላይ አትቸኩል። መርካቶም ሂድ፣ ፒያሳም ሂድ፣ የልብስ ሱቅ መብራት ያታልላል። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ኮት ነው። ሻጩ በረጅም መንጠቆ አንዱን አውርዶ ትከሻህ ላይ ጣል ያደርግልሃል። ነጩ አምፖል ከላይ ያበራል። ሰማያዊው ጥቁር ይመስላል፣ ግራጫው ሰማያዊ ይመስላል፣ የደበዘዘው አዲስ ይመስላል። «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብትለው «የፈለግከው ዓይነት» ይልሃል፣ እየሳቀ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አንተ በትህትና «ወንድሜ፣ ደጅ ላይ ልየው» በለው። ደህና ነጋዴ አይከለክልህም።

ደጅ ወጥተህ እንዲህ አድርግ። እጅጌውን ከጥቁር ጫማህ አጠገብ አስጠጋው። ሰማያዊ ከሆነ ያኔ ይለያል። ቀጥሎ የኮቱን አንገትጌ ገልብጠህ ከሥር ያለውን ጨርቅ ከላይኛው ጋር አስተያየው። ከላይ ያለው ከፈዘዘ ልብሱ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ከርሟል ማለት ነው። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ ትከሻውንና የኪሱን አፍ እይ፤ ልብስ መጀመሪያ የሚፈዘው እዚያ ነው። ከዚያ ሱሪውን ኮቱ ላይ አንጥፈህ ቀለማቸውን አስተያይ። ከአንድ ጥቅል ያልተቆረጡ ሱሪና ኮት ሱቅ ውስጥ መንታ ይመስላሉ፣ ፀሐይ ላይ ይጣላሉ። በመጨረሻ ኮቱን ከአገጭህ ሥር አስጠግተህ መስታወት ተመልከት፣ ወይም አብሮህ የሄደውን ጓደኛህን ጠይቅ። ጠይም ሁን፣ ቀይ ዳማ ሁን፣ ጥቁር ሁን፣ ነገሩ አንድ ነው። ፊትህ ከፈካ ውሰደው። ፊትህ አመድ የተነፋበት ከመሰለ፣ ደክሞህ ያደርክ ከመሰልክ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መልስለት።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ልታሰፋ ከሆነም ያው ነው። ጨርቁን በፀሐይ እይ። ኮቱም ሱሪውም ከአንድ ጥቅል ይቆረጥ። ከቻልክ ሁለት ሱሪ አሰፋ። ሱሪ ከኮት ቀድሞ ያልቃል። ወንበር ይበላዋል፣ መንገድ ይበላዋል። በኋላ ያንኑ ቀለም ልፈልግ ብትል ተመሳሳዩን አታገኘውም፤ የዛሬው ማቅለሚያና የዛሬ ዓመቱ አንድ አይሆንም። እንደ አምባሳደር ያሉ እዚሁ አገራችን የሚሰፉ ሙሉ ልብሶችም አሉልህና ሳታያቸው አትለፍ።

ሸሚዙን አታስጨንቀው። አንድ ነጭ፣ አንድ ውሃ ሰማያዊ ይበቃሃል። ሁለቱም ከጥቁር ሰማያዊም ከጥቁር ግራጫም ጋር ይሄዳሉ። ጫማህ ጥቁር፣ ቀበቶህም ጥቁር። ጥቁር ቀለም የሌለው ሊስትሮ የለም፤ የትም ቆመህ ታስጠርገዋለህ። ደማቅ ነገር ካማረህ ከረባትህ ላይ አድርገው። ከረባት በአንድ ደቂቃ ይፈታል። ኮት አይፈታም።

አያያዙንም ልንገርህ፣ የብዙ ሰው ልብስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ካውያ በቀጥታ አታሳርፍበት። ጠቆር ያለ ጨርቅ፣ በተለይ ፖሊስተር ያለበት፣ ሙቀት ሲነካው ይወለወላል፣ ጉልበቱና ክርኑ ላይ ያብለጨልጫል፣ ያ ደግሞ አይለቅም። እርጥብ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገህ ተኩሰው። ላውንድሪ ስትሰጥ ኮቱንና ሱሪውን አንድ ላይ ስጥ። ሱሪውን ብቻ ደጋግመው የሚያሳጥቡ አሉ። ዓመት ሳይሞላ ሱሪው ፈዞ ኮቱ ጠቁሮ ይቀራል፣ ሰውየውም የሁለት ሰው ልብስ የለበሰ ይመስላል። ማታ ቤት ስትገባ በብሩሽ ጥረገው፣ ሰፋ ያለ ማንጠልጠያ ላይ ስቀለው። ይህችን ትንሽ ልማድ ከያዝክ ልብሱ ዘመን ይቆይልሃል።

ያን ደማቁን ልብስ ፈጽሞ አትንካው አላልኩህም። ወጣት ነህ፣ ማማርህ ደግ ነው። ቀኑ ሲደርስ፣ አንተም ሙሽራ ስትሆን ወይ ሚዜ ስትሆን፣ ያኔ ልበሰው። ጥር ላይ ፀሐዩ ደምቆ፣ ሚዜዎቹ አንድ ቀለም ለብሰው ሲሰለፉ ደስ ይላል። ግን ያንን ተከራየው። የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩ ቤቶች ለዚህ ነው ያሉት። ለአንድ ቀን የሚያምርን ልብስ ለአንድ ቀን ተከራየው፣ ለዓመታት የሚለበሰውን ግዛው። ይህን የገለበጡ ልጆች አውቃለሁ። ለሠርግ የገዙት የሚያብለጨልጭ ልብስ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፣ ሥራ ሲሄዱ የሚለብሱት የላቸውም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይሄ ነው።

ለልብስ ብለህ ደግሞ አትበደር። አዲስ ሠራተኛ በብድር ለብሶ ሲታይ ለአንድ ወር ያምርበታል፣ ለስድስት ወር ያስጨንቀዋል። ደመወዝህ ለጊዜው ኮቱን ብቻ የሚችል ከሆነ ቆይ። ንጹሕ ሸሚዝና የተተኮሰ ሱሪ ለብሰህ ሥራ ግባ፤ ማንም አይንቅህም። ሁለት ወር ቆጥበህ ደህናውን ግዛ። ርካሹን ቸኩለህ ብትገዛ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ልትገዛ ነው፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ከፈልክ።

ይህን ሁሉ ያልኩህ አትችልም ብዬ አይደለም። አስተዋይ ልጅ መሆንህን ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። ትምህርትህን በዚያ ሁሉ ችግር መሀል የጨረስክ ልጅ ቀለም መምረጥ አያቅትህም። የምፈራው ችኮላህን ነው። የመጀመሪያ ደመወዝ ኪስን ያቃጥላል፣ ጓደኛም «ይሄ ነው የሚያምርብህ» እያለ ያጣድፋል። አንተ ረጋ በል። እናትህን ይዘሃት ብትሄድ ደግሞ ደስታዋ ነው፣ ዓይኗም ጨርቅ ያውቃል።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥቁር ሰማያዊውን ግዛ። በፀሐይ አይተህ ግዛ። በራስህ ገንዘብ ግዛ። ሰው ደስ ሲለውም ሲያዝንም ሳትሸማቀቅ የምትገባበት ልብስ ይሁንልህ። በጤና ልበሰው።