ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ10

ገንዳ ውኃ ላይ ለስላሳ የሚሸጡ የአንዲት እናት ፍሪዘር በአንድ በጋ ሁለት ኮምፕሬሰር በላ። ሁለቱንም የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሁለቴም ቴስተሬን ሶኬቱ ላይ ሰክቼ 218 ቮልት አነበብኩ፤ «መብራቱ ደህና ነው፣ ዕቃው ነው የደከመው» ብዬ የእጄን ዋጋ ተቀብዬ ሄድኩ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ወደ ሱዳን የሚሻገረው መስመር በአናታችን እያለፈ የእኛን ቤት ምን ነካው?» ይሉኝ ነበር።

ሦስተኛው ኮምፕሬሰር ሲነሣ ማቃሰት ሲጀምር፣ ጎንደር ያለ ጓደኛዬ የሚመዘግብ ቴስተር አዋሰኝ። በየደቂቃው አንድ ንባብ እንዲይዝ ሞልቼ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። መዝገቡን ስከፍት ሁለቴም ከ4:10 እስከ 5:30 ቮልቴጁ 176 ድረስ ወርዷል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሄጄ ብጠብቅ 217። በማግስቱም ያው። የመሣሪያው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሞላቱ የታየኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ 4:10 ያለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ10 ነበር።

በዚያ ሰዓት ከጓሮ ያለችው ጎረቤት፣ ሙቀቱ ሳይመጣ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ሁለቱም ቤት ከአንድ ቆጣሪ በተጎተተ ረጅም ቀጭን ሽቦ ይጠቀማሉ፤ ብሬከሩ ሥር ያለው ብሎን ላልቶ የሽቦው ልባስ ጠቁሯል። የሞተር መነሻ ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ በባሰ ፍጥነት ይወርዳል፤ 220 ወደ 176 ሲቀንስ ጉልበቱ 64 በመቶ ብቻ ይቀራል። ኮምፕሬሰሩ መነሣት አቅቶት እየታገለ፣ እየጋለ ይቃጠላል።

ስለዚህ የራሴን የሚመዘግብ ቴስተር ስገዛ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ማኅደረ ትውስታው ነው። 10,000 ንባብ የሚይዝ መሣሪያ በየሰከንዱ ከመዘገበ 3 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጠግባል፤ በየደቂቃው ከሆነ ግን ሳምንት ሊሞላ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ሲቀረው ነው የሚያበቃው። ዝቅተኛና ከፍተኛውን ብቻ የሚይዝ ርካሽ ቴስተር 176 መውረዱን ይነግረኝ ነበር፤ መቼ እንደሆነ ግን አይነግረኝም፤ የእኛ ችግር ደግሞ «መቼ» ነበር። በየደቂቃው መካከል የሚያልፍ ቅጽበታዊ መውረድ እንዳያመልጥ የየደቂቃውን ዝቅተኛና ከፍተኛ አብሮ የሚጽፍ ይሻላል።

ሻጮች የማያነሱት ሙቀቱን ነው። የአብዛኛው ቴስተር ትክክለኝነት የሚረጋገጠው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹም ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ አልተሠሩም። የእኛ መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ 40ን ይሻገራል። ስለዚህ እስከ 50 ወይም 55 ዲግሪ የሚሠራ መረጥኩ፤ በሶላር ኢንቨርተር የሚሠሩ ቤቶችም ስላሉብኝ የተዛባ ሞገድንም በትክክል የሚለካ «ትሩ አር ኤም ኤስ» ያለው። ማከፋፈያ ሳጥን ላይ ለሚያድር ደግሞ «ካት 3፣ 600 ቮልት» የሚል የደኅንነት ደረጃ ጽሑፍ ከሌለበት አልነካውም።

መስመሩን በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቀየርኩ፣ ለምጣዱ የራሱን ብሬከር ሰጠሁት፣ የሁለተኛውን ኮምፕሬሰር የእጅ ዋጋ ለእናትየው መለስኩላቸው። ቴስተሩን ዳግም አሳደርኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ10፣ ምጣዱ ግሎ፣ 211 ቮልት።