ተዋጊ በሬ ከነታርጋው

ዘንገና ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ክብ ቅርጹም የመጣው ከዚያው ነው። ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚዘልቀው አውራ ጎዳና አጠገብ ይገኛል። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው አፈርና ሣር ይረግጣል፤ ትንሽ ራመድ ካለ ደግሞ አስፋልት ላይ ይወጣል። ለእግረኛ ልዩነቱ ከጫማ ጭቃ አያልፍም። ኳድ ባይክ ለሚባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር ግን በእነዚህ ሁለት መሬቶች መካከል የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ነገሩ ከኋላ አክስሉ ይጀምራል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱን የሚያስታርቀው ዲፈረንሻል ነው። አብዛኞቹ የስፖርት ኳዶች ዲፈረንሻል የላቸውም። የኋላ ጎማዎቻቸው በአንድ ድፍን ብረት ተያይዘው እኩል ይሽከረከራሉ። አፈር ላይ ከሁለቱ አንዱ ሸርተት ይልና ነገሩ ይቀላል። አስፋልት ግን ጎማውን ጨምድዶ ይይዛል። ያኔ ኳዱ ወይ አልታጠፍም ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ይገለበጣል። ጎማዎቹም ጥቂት ነፋስ ብቻ የሚሞሉ፣ ለጭቃና ለአሸዋ የታሰቡ ናቸው። አምራቾቹ ራሳቸው አስፋልት ላይ እንዳይነዳ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በማሽኑ አካል ላይ የሚለጥፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ እንደ አሪዞናና ዩታ ባሉ የአሜሪካ ግዛቶች ኳድን አሻሽሎ ለመንገድ ማብቃት የታወቀ ሥራ ነው። ጋራዡ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ክላክስና ስቶፕ መብራት ይገጥማል፤ ጎማውንም በመንገድ ጎማ ይቀይራል። ከዚያ ታርጋ ይወጣል። ትናንት ሕገ ወጥ የነበረው ማሽን ዛሬ ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው። አክስሉ ግን ያው አክስል ነው።

ሶቅራጥስ ኤውቲፍሮን የተባለውን ሰው አማልክት ቅዱሱን ነገር የሚወዱት ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ እነሱ ስለወደዱት ቅዱስ ሆነ ብሎ አፋጦት ነበር። ጥያቄውን ከአማልክት ወደ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ማውረድ ድፍረት ይመስላል፤ ግን ይሠራል። ማሽኑ የተፈቀደው ለመንገድ ስለሚበቃ ነው ወይስ ስለተፈቀደ በቃ ተባለ?

ለሁለተኛው መልስ የሚያደላ ሰው የኳድን የራሱን ታሪክ ቢያይ ይደነግጣል። ሆንዳ ባለ ሦስት ጎማውን የዚህ ማሽን አባት በአሜሪካ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሱዙኪ በ1982 አራተኛውን ጎማ አመጣ። ባለ ሦስቱ ግን ብዙ ሰው፣ በተለይም ልጆችን፣ እየገደለና እያቆሰለ እስከ 1988 በገበያ ላይ ቆየ፤ በዚያ ዓመት አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በተደረገ ስምምነት ሽያጩን አቆሙ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማሽኑ በግልጽ፣ በሕጋዊ ሱቅ፣ በደረሰኝ ይሸጥ ነበር።

ሕግ አንዳንዴ ለነገሩ ስም እስኪያገኝለትም ይቸገራል። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ባለ አራት ጎማዋን ትንሽ ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያሳይ የሕንድ ሕግ መኪናም ባለ ሦስት እግርም ሊላት አልቻለም። ስለዚህ ክዩት የተባለችው ይህች ማሽን አገሯ ላይ በክርክር ታስራ ለውጭ ገበያ ስትላክ ቆየች፤ እውቅናውን በሙሉ ያገኘችው በ2018 ነው። በአዲስ አበባ ሰዎች ባለ አራት እግር ባጃጅ የሚሏት ይህችው ናት። በእነዚያ የክርክር ዓመታት ከብረቷ ይልቅ ብዙ የተለወጠው ወረቀቷ ነበር።

እንግዲህ ወረቀት ይህን ያህል ከነገሩ ባሕርይ ከራቀ ለምን ይከበራል? የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የቆየ መነሻ አለው። ከሙሴ በፊት የነበሩ አበው የተጻፈ ሕግ አልነበራቸውም፤ የሚመሩት በሕገ ልቡና ነበር። ሕገ ኦሪት በጽላት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታም፣ የደራሲው ማንነት እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ከሰው የመጣውን ሥርዓት ከእግዚአብሔር ከመጣው ለመለየት ልቡናን ዳኛ አድርጎ ያስቀምጣል። ይህን ይዞ አንድ ጎበዝ መካኒክ እንዲህ ሊል ይችላል፦ እጄን አውቀዋለሁ፣ ማሽኑን አውቀዋለሁ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ ታርጋ ምን ያደርግልኛል?

ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፈቃድ ካለው ግድየለሽ ይልቅ ፈቃድ የሌለው ጠንቃቃ ይሻላል የሚል ሰው ብዙ ምሳሌ መጥራት ይችላል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ልቡና የሚያውቀው የራሱን ባለቤት ብቻ ነው። በኩርባው ማዶ የምትመጣው ሴት፣ ከትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ የመካኒኩን ልቡና ሊያዩ አይችሉም። እነሱ የሚያዩት ፍሬቻና ፍሬን መብራት ነው፤ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ የሚፈልጉት ቁጥር ነው።

ኦሪት ይህን ጠንቅቃ ያወቀች ትመስላለች። ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ያለ መከታው ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። ትእዛዙ በጸሎትና በመሥዋዕት መካከል ሳይሆን ስለ ወፍ ጎጆና ስለ ዘር በሚናገሩ ትእዛዞች መካከል መግባቱ ሊታሰብበት ይገባል። ዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ስለ በሬ ይናገራል። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይገደላል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ከታወቀና ባለቤቱ ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ፍርዱ በባለቤቱ ላይ ይከብዳል። ጥፋቱን የሚለየው ዕውቀቱ ነው። ኳድ ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ተዋጊነቱ ጎኑ ላይ ተጽፎበት የሚመጣ በሬ ነው። ባለቤቱ አልሰማሁም ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ የእምነት ሰው የራሱን ፈተና ይጋፈጣል። አዲስ መኪና ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ጠበል ማስረጨት፣ ባጃጅ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም የገብርኤልን ሥዕል መለጠፍ የተለመደ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ነገር ግን የማቴዎስ ወንጌል ስለ ሁለተኛው ፈተና ሲተርክ ሰይጣን ክርስቶስን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር የጋበዘው መላእክት ይይዙሃል ብሎ ነበር፤ ክርስቶስም ይህ ጌታን መፈታተን ነው ብሎ መለሰለት። ፍሬኑ የላላ ባጃጅ ላይ ሥዕል ለጥፎ ቁልቁለት መውረድ ከዚያ ግብዣ ብዙ አይርቅም።

የኢትዮጵያ ዓለማዊ ሕግም ከዘጸአት በተቃራኒ አልሄደም፤ እንዲያውም ጨከን ያለ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፣ በአንቀጽ 2081 ደግሞ የማሽንና የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤትን። ጥፋት መኖሩ አይጠየቅም። በሬና ሞተር በአንድ ምዕራፍ ጎረቤት ሆነው ሰፍረዋል። ከዚህ ጋር የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ተጨምሯል፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 799 ይህን ደንግጓል። እንግዲህ ታርጋና ሊብሬ የማሽኑን ጽድቅ አይመሰክሩም። ሻንሲ ቁጥሩን ከአንድ ሰው ስም ጋር ያስራሉ፤ የተጎዳው ሰው የሚከሰውንና የሚካስበትን ያገኛል። ቦሎ የሚሰጥበት ዓመታዊ ምርመራም የፍሬኑንና የመብራቱን የዕለቱን ሁኔታ ያያል እንጂ አክስሉ ለአስፋልት ተፈጥሯል ብሎ አይምልም።

እንጅባራ በምትገኝበት በአዊ ዞን ይህ መተሳሰር ያለ ወረቀት የሚሠራበት ቦታም አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ዓድዋና ማይጨው ላይ ከሰው ጋር የዘመቱ ፈረሶች የሚታሰቡበት ነው። ያጌጡ ፈረሶች በብዛት በአንድ ሜዳ ይሮጣሉ፤ አንዱም ታርጋ የለውም። አንዱ ፈረስ ተመልካች ቢረግጥ ግን ፈረሱ የማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደጋለበው፣ አባቱ የየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሆነ የሚናገር ሰው አይጠፋም። ሽማግሌም ይቀመጣል። ኳድ የገዛ የከተማ ሰው ይህን ሁሉ ምስክር ጥሎ ነው አውራ ጎዳና ላይ የሚወጣው። እሱን የሚያውቅ በመንገዱ የለም። አሻሽሎ ያስመዘገበውም ቢሆን፣ ምርመራ አልፌያለሁ የሚለው መልስ በአንቀጽ 2081 ፊት አያድነውም፤ አክስሉን የሚያውቀው እሱ ነውና፣ በዘጸአት ፊትማ ጭራሽ።