የክንፉ አሻራ

ጉድለትን ዝም ብሎ መሸፈን ውሸት ነውን? ጥያቄው የመጣብኝ ከመጫወቻ መሳይ ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ ጋር፣ ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ የምታንስ የሲ-47 ወታደራዊ ማመላለሻ ሞዴል ገጣጥመን ቀባን። (የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው።) የእውነተኛዋ ክንፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ የኛዪቱ 40 ሳንቲ ሜትር።

ደብዛዛ ቀለም ገጹ ሻካራ ነው። ምልክቶቹ ሲለጠፉበት ከሥራቸው አየር ይታፈንና ብርማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አስቀድሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በስሱ፣ ደጋግሞ ይረጫል። በአንዴ ያበዛ ሰው ሲዝረበረብበት ያያል፤ ከራሴ ነው የምናገረው።

ቫርኒሹ ሲደርቅ ግራ ክንፉ ላይ የልጁ አውራ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደብዛዛው ቀለም ብርሃኑን እየበተነ ሸሽጎት ኖሯል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የምጠረጥረው የሚያብረቀርቀውን ነበር!

የዚህ አውሮፕላን መጨረሻው ደብዛዛ ቫርኒሽ ነው፤ ስረጭበት አሻራው ይጠፋል። ልጁም «እንከን የለውም» ያልኩትን እንዳመነ ይቀራል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ብፍቀው ደግሞ ሥራው የእሱ መሆኑ ይቀራል። የሠራ ሰው ጉድለቱን ማወቅ መብቱ ነው እላለሁ፤ ደስታውን መንሣት ግን ቀላል አይደለም፤ ሁለት ቀን አመነታሁ።

ቅዳሜ ክንፉን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አሳየሁት። አውራ ጣቱን አሻራው ላይ አድርጎ ለካ። ፊቱ ቅጭም አለ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያየኸው?» አለኝ።