ለባልንጀራዬ ጤና ባልንጀራዬ ይክፈል?

የጴንጤ ሠርግ ላይ የተገኘ ሰው ያውቀዋል፤ ጠጁንና ቢራውን ስንተው ጠረጴዛውን ባዶ አላስቀረነውም፣ በለስላሳ ሞላነው። እንግዳ ሲመጣም ልጅ ወደ ሱቅ የሚሮጠው ለስላሳ ሊያመጣ ነው። እኔ በማመልክበት፣ ኦክላንድ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ኅብረታችን፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ከእጃችን ለስላሳ አይጠፋም። ስለዚህ በከተማችን በስኳር መጠጦች ላይ ግብር ይጣል አይጣል ተብሎ ሕዝቡ ለድምፅ ሲጠራ፣ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ሆኖ አልታየኝም። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት።

ጊዜው ኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የሰጠሁት የመጀመሪያ ድምፅ ነው። "ይጣል" አልሁ። ከመራጩም ከ60 በመቶ በላይ እንደ እኔ ስላለ ግብሩ ጸደቀ። በሚቀጥለው እሑድ የሰፈር ሱቅ ላላቸው አንድ አባታችን ደስታዬን ነገርኋቸው። ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

"አንተ ለስላሳ ትጠጣለህ?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ከተውሁት ቆየሁ።"

"ታዲያ አንተ የማትከፍለውን ነዋ በሌላው ላይ የጫንኸው! የእኔን ደንበኞች ማን ጠየቃቸው?"

የጋሼ ደንበኞች አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያንና ላቲኖዎች ናቸው። ያን ቀን መልስ አጣሁ። ዛሬም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ግብሩ በአንድ አውንስ አንድ ሳንቲም ነው። ባለ 12 አውንሱ ጣሳ ላይ 12 ሳንቲም፣ በሁለት ሊትሩ ጠርሙስ ላይ ደግሞ ወደ 68 ሳንቲም ማለት ነው። በሕጉ የሚከፍለው አከፋፋዩ ነው፤ ነገር ግን አከፋፋዩ በባለ ሱቁ፣ ባለ ሱቁ በገዢው ላይ ያሳርፈዋል። ደመወዙ ትንሽ የሆነውም ትልቅ የሆነውም እኩል 68 ሳንቲም ይጨምራሉ። በሌላ በኩል በአንዲቱ ጣሳ ውስጥ ያለው ስኳር 39 ግራም ያህል ነው፤ በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ወደ አሥር ይጠጋል። በአሜሪካ የስኳር በሽታ ከነጮች ይልቅ ጥቁሮችንና ላቲኖዎችን በብዛት ያጠቃል፤ የለስላሳ ማስታወቂያም የእነርሱን ልጆች ለይቶ ይፈልጋል። እንግዲህ ግብሩ ኪሱን የሚጎዳበትና ግብሩ ጤናውን የሚጠብቅለት ያው አንድ ሰው ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም ወገን "እኛ የቆምነው ለድሃው ነው" ሊል የቻለው።

ከኦክላንድ ባርት የተባለውን ባቡር ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ መጀመሪያ በርክሌይን፣ በመስመሩ መጨረሻ ሪችመንድን ታገኛላችሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በ2012 ሪችመንድ ይህንኑ የአንድ ሳንቲም ግብር ለድምፅ አቀረበች፤ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው "አይሆንም" አለ። በ2014 በርክሌይ አቀረበች፤ 76 በመቶው "ይሁን" ብሎ በአሜሪካ እንዲህ ያለ ግብር የጣለች የመጀመሪያዋ ከተማ አደረጋት። ከበርክሌይ ነዋሪ ከግማሽ በላይ ነጭ ነው። በሪችመንድ ግን ከአሥሩ አራቱ ላቲኖ፣ ከሩብ በላይ ደግሞ ጥቁር ነበር። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ቶሎ ይፈርዳል፦ "የተማሩት ገባቸው፣ ሌሎቹ አልገባቸውም።"

እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። አሁን ግን ይህ አስተሳሰብ በትሕትና ጉድለት የመጣ ስሕተት ይመስለኛል። በሪችመንድ ሐሳቡን ያመጣው ጄፍ ሪተርማን የተባለ የምክር ቤት አባል፣ ጡረታ የወጣ የልብ ሐኪም ነበር። ሰው እንዲገባው ብሎ ከረጢት ስኳር በትንሽ ቀይ ጋሪ እየጎተተ ያሳይ ነበር። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን የስኳር በሽታን ለሪችመንድ እናቶች በጋሪ ማሳየት አያስፈልግም ነበር፤ በየቤታቸው ያውቁታል። ከጥቁር የምክር ቤት አባላት አጥብቀው የተቃወሙት ሸክሙ በድሃው ላይ ይወድቃል ብለው ነው። ገንዘቡ ለልጆች ስፖርትና ጤና ይውላል ቢባልም የግብሩ ሕግ ራሱ ይህን አያስገድድም ነበር። ብዙ ጊዜ ቃል ተገብቶለት የቀረበት ሰፈር ይህን መጠየቁ አለማወቅ ነው?

ነገሩ የቆዳ ቀለም ቢሆን ኖሮ ደግሞ የእኛዋ ኦክላንድ እሺ ባላለች ነበር፤ ነጩ ከነዋሪዋ ሩብ ያህል ብቻ ነው። የበለጠ የገረመኝ ግን የኤንኤኤሲፒ ታሪክ ነው። ይህ በ1909 የተመሠረተ አንጋፋ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ከ16 አውንስ በላይ በሆነ ብርጭቆ ስኳር መጠጥ እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ የግዛቱ ቅርንጫፍ በ2013 ከመጠጥ ኩባንያዎቹ ጎን ቆሞ ለፍርድ ቤት አስተያየት አስገባ፤ የአናሳ ወገኖች ትንንሽ ንግዶች ይጎዳሉ ብሎ ነው። በዚያው ሰሞን ማኅበሩ ከኮካ ኮላ ለጤና ፕሮግራሙ ድጋፍ ማግኘቱ ተነሥቶ ብዙ አነጋገረ። በዓመቱ ግን የበርክሌይ ቅርንጫፍ ግብሩን ደግፎ ከላቲኖ ማኅበራት ጋር አብሮ ዘመተ። ስሙ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ መልሱ ሁለት። በበርክሌይ ሰዎቹ ሐሳቡ ሲነደፍ ጀምሮ በጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ፤ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚመክር ቡድንም በዚያው ሕግ ተቋቋመ።

እዚህ ላይ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሥጋ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ትዝ ይለኛል። በወጣቶች ጥናታችን ስንት ጊዜ አንብበነዋል! ጳውሎስ ወንድሙ እንዳይሰናከል ብሎ የሚተወው የራሱን ሥጋ ነው። የወንድሙን ሥጋ አላስወደደበትም። እኔ ግን በድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ የተውሁት ምንም ነገር አልነበረም። የምወደው ባለ ካራሜል ላቴ እንኳ አልተነካብኝም። በበርክሌይ ሕግ ዋና ይዘቱ ወተት የሆነ መጠጥ ከግብሩ ነፃ ነው፤ ሲያትልም በ2017 ስትወስን እንዲሁ አደረገች። እዚያማ ከንቲባው ዳይት የሚባለውን ስኳር አልባ ለስላሳም እንጨምር ብሎ ነበር፤ እርሱን በብዛት የሚጠጡት የተሻለ ኑሮ ያላቸው ነጮች ስለሆኑ ሸክሙ እኩል እንዲከፋፈል ብሎ ነው። ምክር ቤቱ አወጣው። ዳይት ስኳር የለውምና ከጤና አንጻር ትክክል ነው ትሉ ይሆናል፤ እስማማለሁ። ነገር ግን የጋሼ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማት ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ "አይሆንም" ያለው ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ ነው? አይደለም። በሪችመንድም በበርክሌይም የመጠጥ ኢንዱስትሪው ግብሩን ለመጣል በየከተማው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሷል። በኦክላንድ "የአስቤዛ ግብር" እያለ በየፖስታ ሳጥናችን ወረቀት ይልክ ነበር። (በሌላው ወገን የኒው ዮርኩ ባለጠጋ ማይክል ብሉምበርግም ገንዘብ ልኳል፤ ሚዛን ስንይዝ ሁለቱንም እንመዝን።) ለሕመሙ ዐሥርት ዓመታት ያልተጨነቀ ኩባንያ በግብር ቀን ለድሃው ኪስ ሲያለቅስ ማየት ያስቆጣል። በ2017 በዋሽንግተን አካባቢ የሚያገለግሉ ሁለት ጥቁር መጋቢዎች፣ ዊልያም ላማርና ዴልማን ኮትስ፣ ኮካ ኮላንና የመጠጥ ኩባንያዎችን ማኅበር ስለ ጤና ጉዳቱ ሕዝብን ያሳስታሉ ብለው ከሰሱ። በሕሙማን አልጋ አጠገብ ጸልየው፣ የምእመናኖቻቸውን ቀብር አስፈጽመው የመጡ ናቸው። እነርሱን "ስለ ጥቁሮች ማን ጠየቃችሁ?" ሊላቸው የሚችል የለም።

ግብሩም ከንቱ አልነበረም። በበርክሌይ ከጸደቀ በኋላ በተደረገ ጥናት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች የስኳር መጠጥ ፍጆታ በ21 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ ድምፄን መልሼ ብሰጥ አሁንም "ይጣል" እላለሁ። የምጸጸትበት ከዚያ በፊት አንድ በር አለማንኳኳቴ፣ ከዚያም በኋላ ገንዘቡ የት እንደገባ አለመከታተሌ ነው። በ2017 የኦክላንድ ከንቲባ የበጀት ሐሳብ ከዚያ ገቢ የከተማውን ጉድለት ሊሸፍን ሲል የጮኹት ሌሎች ነበሩ፤ እኔ ዜናውን እንኳ የሰማሁት ከጋሼ ነው።

ባለፈው ወር ሱቃቸው ገባሁ። ውሃው ለምን ከታች እንደተደረደረ ስጠይቃቸው ሳቁ። "ፍሪጁን የሰጠኝ አከፋፋዩ ነው፤ ፊት ለፊት የሚቆመውንም የሚመርጠው እርሱ ነው" አሉኝ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር እናት ተራ ይጠብቁ ነበር። ጋሼ ስለ ግብሩ እንደምንነጋገር ነገሯቸው። እኔም ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"እኔ ደግፌ ነው የመረጥሁት" አሉ። "እህቴ እግሯን በስኳር አጥታለች። ግን ያኔ በሬን ያንኳኳው ሰው ተከፍሎት 'አይሆንም በሉ' የሚል ወጣት ብቻ ነበር። እናንተ የት ነበራችሁ?"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት ውሃ፣ ከላይኛው አንድ ለስላሳ አወጡ። ለስላሳው ለልጅ ልጃቸው መሆኑን ማንም ሳይጠይቃቸው ነገሩን፣ ከፍለውም ወጡ።