አዲሱን ነገር አሮጌ ማስመሰል ሐሰት ነውን?

ሰው አሮጌውን ነገር አዲስ ለማስመሰል ሲደክም ማየት የቈየ ልማድ ነው። ነጋዴው የሰነበተውን ዕቃ ወልውሎ ያቀርባል፤ ባለቤቱ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በኖራ ይሸፍናል፤ ሽማግሌውም ሽበቱን ቀለም ይቀባል። አዲሱን ነገር አሮጌ ለማስመሰል እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርቶ የሚደክም ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ሰው ባገኘን ጊዜ አስቀድመን እንስቃለን። ከሳቅን በኋላ ግን ሥራው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብለን ብንጠይቅ፥ ጥያቄው እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አይገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የባቡርን አምሳያ በትንሹ መሥራት የሚወዱ ብዙ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ አገር የተለመደው ልክ ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያነሰ ሲሆን፥ በሌላው አውሮፓና በአሜሪካ የተለመደው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። በእንግሊዙ ልክ፥ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ የመንገደኞች ሠረገላ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። ይህ አምሳያ ከፋብሪካ ሲወጣ ቀለሙ የሚያበራ፥ እድፍም የሌለበት ነው። ባለቤቱ ግን በዚህ ደስ አይለውም። ቀለም አቅጥኖ ይቀባዋል፤ ሳይደርቅም በጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይጠርገዋል፤ ጥቁሩም በየስንጥቁና በየምስማሩ ሥር ይቀራል። የጠመኔ ዱቄት በለስላሳ ቡርሽ እየነሰነሰ አቧራ ያስመስላል፤ በሰፍነግ ጫፍ እየነካካም የተላጠ ቀለምና ዝገት ያወጣበታል። በዚህ አኳኋን ትናንት የተገዛው ፉርጎ ዛሬ ሠላሳ ዓመት የሠራ ይመስላል። ይህን ልማድ በአሜሪካ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ከተማ ይኖር የነበረውና በ1973 የሞተው ጆን አለን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሌሎች ባቡራቸውን እንደ ጌጥ ሲወለውሉ፥ እርሱ የራሱን አቧራና ጥላሸት ያለብሰው ነበር።

ጠንቃቃ የሆነ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል። «ያልደከመ ነገር የድካም ምልክት ሊለብስ አይገባውም። ይህ ፉርጎ ከሰል ተሸክሞ አያውቅም፤ ዝናብም አልመታውም። ታዲያ የከሰሉንና የዝናቡን ምልክት ከየት አመጣው? ሳይጾም የጾመ ለመምሰል ፊቱን ከሚያጠወልግ ሰው በምን ይለያል?» ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም።

መልሱን ለማግኘት በአገራችን የሚታወቀውን አንድ ነገር እንመልከት። አዲስ ብራና በጢስ አጥቍሮ፥ ጠርዙንም አሽቶ «የጥንት መጽሐፍ ነው» ብሎ ለእንግዳ የሚሸጥ ሰው አለ። ይህ ሰው አታላይ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ኀጢአቱ ግን ያለው በጢሱ ላይ አይደለም፤ ገዢው እንዲታለል በማሰቡና ገንዘቡን በሐሰት በመውሰዱ ነው። አምሳያ ሠሪው ግን ማንንም አላታለለም። 26 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሠረገላ አይቶ «እውነተኛ ባቡር ነው» ብሎ የሚሳፈር ሰው አይገኝምና። እንግዲህ በዚህ በኩል ከክሱ ነጻ ነው።

ይሁን እንጂ ማንም ካልተታለለ ሁሉ ነገር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። አምሳያ ማለት ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ምስክር ነው፤ ምስክርም ሰሚው ባያምነውም እንኳ በሐሰት መናገር አይገባውም። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች፥ ምክንያት የሌለው እድፍ እንዳይቀባ ይጠነቀቃሉ። የፍሬኑ ብረት መንኰራኩሩን ሲፈትገው የሚወጣው ዱቄት ቡናማ ሆኖ በሠረገላው ታችኛ ክፍል ይለጠፋል እንጂ ወደ ጣራው አይወጣም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥላሸት ደግሞ በጣራው ላይ ያርፋል። የኖራ ፉርጎ ነጭ መስመር ይወርድበታል፤ የድንጋይ ከሰል የሚጭነው ፉርጎ ይልቁንም ከውስጡ ይፋቃል። የበሩ እጀታ ዙሪያ የሰው እጅ ዘወትር ስለሚነካው ከሌላው ይልቅ ይወለወላል።

ምክንያቱ ብቻ ሳይሆን ዘመኑም ይመረመራል። በእንግሊዝ አገር የከሰል ነጋዴዎች ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ያጻፉባቸው ፉርጎዎች ነበሩአቸው። በ1939 ጦርነት ሲነሣ መንግሥት እነዚህን ፉርጎዎች በእጁ አደረገ፤ ከዚያም ወዲህ ስሙን የሚያድስ አልተገኘም፤ የተሰበረውም ሳንቃ ቀለም ባልተቀባ ሳንቃ ይተካ ነበር። ስለዚህ የ1947ን ፉርጎ የሚሠራ ሰው ስሙን ያደበዝዛል፤ ያልተቀባ ሳንቃም ያገባበታል። ይህንኑ በ1937 ፉርጎ ላይ ቢያደርገው ግን ያልሆነውን ሆነ ማለቱ ነው።

እኔም ነገሩ እዚህ ላይ የሚፈጸም ይመስለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬዳዋ ያየሁት ግን አሳቤን አስለወጠኝ። በ1897 ከጅቡቲ በኩል መሠራት ጀምሮ፥ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር በዚያች ከተማ ብዙ ሠራተኞች ነበሩት። በውጭ አገር የሚኖር አንድ ወጣት ወዳጄ የዚህን ባቡር የመንገደኞች ሠረገላ በትንሹ ሠርቶ፥ በወጣትነታቸው ሠረገላ ሲያጥቡ ለነበሩት ዘመዱ ሊያሳያቸው ይዞት መጣ። ሠረገላው ከጣራው እስከ መንኰራኩሩ በአቧራና በዝገት ተሸፍኖ ነበር፤ መስኮቶቹም ምንም አያሳዩም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት። ወጣቱ ምስጋና ሲጠብቅ፥ «ልጄ፥ ይህን ሠረገላ የሚያጥበው ማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«የሚያጥበው የለም፥ አባባ፤ አሮጌ እንዲመስል ብዬ ነው» አለ።

«አሮጌስ አሮጌ ነበረ። ነገር ግን እኛ መስኮቱን ሁልጊዜ እናጥበው ነበር። የሚያድፈው ጨርቃችን የማይደርስበት ጥጉ ብቻ ነው። አንተ ግን ሁሉን አሳደፍኸው፤ እኛስ የት ሄድን?» አሉት።

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። በዚያው ምሽት ጨርቅ አርሶ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ፤ የማእዘኑን እድፍ ብቻ ተወው። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሳይ አንድ ነገር አስደነቀኝ፤ ሠረገላው ከተጠረገ በኋላ ከፊተኛው ይልቅ አሮጌ መሰለ። ቀድሞ የተጣለ ዕቃ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ዓመት ያገለገለና ብዙ ዓመት የተጠበቀ ነገር ሆነ። እርጅና ከእድፍ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ እድፉን ሲጠርጉ ከኖሩት እጆችም የተሠራ ነው።

እንግዲህ ያለ ምክንያት የተቀባ እድፍ ሐሰት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ያጠበውን ሰው ድካም የሚሰርዝ እድፍም ሐሰት ነው፤ ይህ ሁለተኛው ይልቁንም ይከፋል፤ የሰውን ስም ይነካልና። የሚያብረቀርቀው የፋብሪካ አምሳያም በበኩሉ የጫነውን፥ የተሳፈረውንና ያጠበውን ሰው ሁሉ ይረሳል። እውነተኛው አምሳያ የሥራውንም እድፍ የጥበቃውንም ምልክት በየቦታው የሚያኖር ነው።

ይህም ለመጫወቻ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከአውስትራሊያ በ1925 ወደ እንግሊዝ አገር የመጣ ሮይ ኢንግላንድ የሚባል ሰው፥ የገጠሩ አሮጌ ቤቶች ሲለወጡና ሲጠፉ አይቶ አዘነ፤ እውነተኞቹን ቤቶች እያስለካም በትንሹ እየሠራ ለትውልድ ሊያቈያቸው ተነሣ። በ1954 በሎንግ ዊተናም መንደር የተጀመረው ፔንደን የሚባለው ቤተ መዘክር የዚህ አሳብ ፍሬ ነው። እኛም ባለፈው ዘመን ስለ ኖሩት አባቶቻችን ስንናገር አምሳያ ሠሪዎች ነን። አንዳንዱ ያለፈውን ዘመን እድፍ እንደሌለበት አድርጎ ያበራዋል፤ አንዳንዱም ከጣራው እስከ መንኰራኩሩ ጥላሸት ይቀባዋል። ሁለቱም በዚያ ዘመን ጨርቅ ይዞ የቆመውን ሰው አላዩትም።

ስለዚህ አዲሱን አሮጌ ማስመሰል ሐሰት ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ለማታለል ከሆነ ሐሰት ነው፤ ለመመስከር ከሆነ ግን የምስክር ሕግ አለበት። ያለፈውን የምንጽፍና የምናስተምር ሁሉ ቡርሹን ከማንሣታችን አስቀድሞ፥ የድሬዳዋው ሽማግሌ እንደ ጠየቁት፥ የሚያጥበው ማን ነበረ ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።