«ጠብቋል» ለማለት የሚያበቃን ምንድን ነው?

ኮብልስቶኑንም ጉድጓዱንም ስትረግጥ የኖረች የቤቴል ቪትስ ሾካብዞርበሯ ቢያልቅ የሚገርም አይደለም። የጋራዥ የእጅ ዋጋ ደግሞ ለብዙ ሰው ከበድ ይላል። ስለዚህ ዕቃውን ሶማሌ ተራ ገዝቶ፣ ክሪክ ተውሶ፣ ግቢው ውስጥ ራሱ የሚቀይር ሰው አለ። ሥራው ሲያልቅ ዳዶዎቹን ያስርና በቺያቬው አንዴ ገፋ አድርጎ «ጠብቋል» ይላል። ጥያቄዬ በዚህች ቃል ላይ ነው። ይህን ለማመን የሚያበቃን ምንድን ነው?

መጀመሪያ ብረቱን እንየው። የብዙ ትናንሽ መኪኖች የፊት እግር «ማክፈርሰን» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስሙ ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከኧርል ማክፈርሰን የመጣ ነው። ሾካብዞርበሩና ሞላው እንደ አንድ አካል ተሰክተው፣ ከላይ ብዙ ጊዜ በሦስት ዳዶ ከቦዲው ጋር፣ ከታች ደግሞ በሁለት ወፍራም ቡሎን ጎማውን ከተሸከመው ክፍል ጋር ይታሰራሉ። መሃል ላይ ያለው ዳዶ የተጨመቀውን ሞላ ይዞ የሚኖር ነው፤ ሞላውን በመጭመቂያ ሳያስር እሱን የሚፈታ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። የላይኞቹ ዳዶዎች በብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲፈልጉ፣ የታችኞቹ ከ100 በላይ ይፈልጋሉ። 40 ማለት 40 ሳንቲሜትር በሚረዝም ቺያቬ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል እንደማንጠልጠል ነው። የእያንዳንዱ መኪና ትክክለኛ ቁጥር በመመሪያው ላይ አለ።

ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? ቡሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሁለቱን ብረት አጣብቆ የሚይዘውም ይሄው መለጠጥ ነው። ከምናወጣው ጉልበት ግን 90 በመቶ ያህሉ በሰበቃ ያልቃል፤ ለማሰሪያነት የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። የዛገ ዳዶ ገና ሳይጠብቅ እምቢ ይላል። ዘይት የነካው ደግሞ ከልኩ አልፎም እሺ እያለ ይሄዳል። ከልክ በላይ የተለጠጠ ቡሎን ወደ ቦታው አይመለስም፤ የላላው ደግሞ ቀስ በቀስ ራሱን ይፈታል። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. የጎን ለጎን ንዝረት ዳዶን እንዴት እንደሚፈታ በሙከራ አሳይቷል። ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው ንዝረት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊሊያም ክሊፎርድ በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰት አንድ የመርከብ ባለቤት ያመጣል። መርከቧ አሮጌ ናት፤ ሰውየው ተጠራጥሯል። ግን ማስመርመሩ ወጪ ነው። ስለዚህ «ስንቱን ማዕበል አልፋ የለ እንዴ» እያለ ጥርጣሬውን አባብሎ ያስተኛውና ከልቡ አምኖ መንገደኞቹን ይሸኛል። መርከቧ ሰጠመች። ክሊፎርድ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ከልቡ ማመኑ አያድነውም፣ በያዘው ማስረጃ እንዲያ የማመን መብት አልነበረውምና። ቀጥሎ የሚለው ግን ይበልጥ ይከብዳል፦ መርከቧ በሰላም ብትደርስም ኖሮ ያው ጥፋተኛ ነበር።

እኛ አገር «ምን ሆነ? ደረሰች አይደል?» የሚለው ክርክር ብዙ ነገር ይዘጋል። የክሊፎርድ መልስ፣ መድረሷ ስለ ዕድሏ እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም የሚል ነው። «መኪናው የራሴ፣ አደጋውም የራሴ» ማለትም አያስኬድም። ከቤቴል ወደ ወይራ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ዩኒፎርም ለብሰው የሚሄዱት ልጆች በዳዶው ጉዳይ አልተማከሩም። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም እያንዳንዱን ዳዶ እየለካ አያልፍም። የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ቺያቬውን የያዘው ሰው ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፦ ስንት ዓመት በእጃቸው ብቻ ሲያስሩ የኖሩ ሜካኒኮችስ? እውነት ነው፣ እጅም ይማራል። የተበጠሰበትን ቡሎን፣ ላልቶ የተመለሰለትን ዳዶ ሲያይ የኖረ ሰው እምነቱን በላቡ ገዝቶታል። ቢሆንም እጁ የሚያውቀው ተመልሰው የመጡለትን መኪኖች ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ዳዶ የሚያስር ሰው ደግሞ ያን ያህል እንኳን የለውም፤ ከሜካኒኩ እርጋታውን እንጂ ልምዱን መዋስ አይችልም።

ሁለተኛው የአሜሪካዊው ፈላስፋ የዊሊያም ጄምስ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ለክሊፎርድ ሲመልስ፣ ማስረጃ እስኪሞላ መጠበቅ የማይቻልበት ምርጫ በሕይወት ውስጥ አለ አለ። ልክ ነው፤ ማንን ላግባ፣ ማንን ልመን የሚለው በኒውተን ሜትር አይለካም። ዳዶ ግን ይለካል። የጄምስ ነፃነት የሚጀምረው መለኪያ ባለቀበት ቦታ ነው፤ መለኪያ እያለ እሱን መጥራት ስንፍናን ፍልስፍና ማልበስ ይሆናል።

ድህነቱን ግን አልረሳሁትም። የጥብቀት መለኪያ ቺያቬ ውድ ነው፤ «ከሌለህ አትንካ» ማለት ለብዙ ሰው «መኪናህን አቁማት» ማለት ነው። ግዴታችን የሚለካው በአቅማችን ነው ብዬ አምናለሁ። አቅም ደግሞ ከምናስበው ይሰፋል፦ ክሪክ የተዋስነው ሰው መለኪያውንም ያውሰን ይሆናል። ጥርሱን በብሩሽ ማጽዳት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ያስጠራጠረን ዳዶ ካለ ቀስ ብሎ ነድቶ ጋራዥ አስለክቶ መምጣት፣ ሁሉንም ከማሠራት ይረክሳል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ይረዳናል። ፊደልም ዳዶም ይጠብቃል፣ ይላላል። «ይጠብቃል» ሲል «ብ»ን ካላሉት ስለ ዳዶ ነው፤ ካጠበቁት ግን ሰው ሰውን ይጠብቃል። ጽሕፈቱ ያው ነው፣ ልዩነቱ ያለው በአፍ ላይ ነው።

ልምድ ያላቸው ሰዎች አስረው ሲጨርሱ ከዳዶው እስከ ብረቱ አንድ የቀለም መስመር ያሰምራሉ። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ ያኔ በዓይን ይታያል። ያ መስመር «ጠብቋል» የሚለውን እምነት ነገም ከነገ ወዲያም እንድንጠይቀው ይተወዋል። በቤታቸው መኪና ለሚሠሩ ሁሉ የምመክረው ይህን ነው፦ ያሰመራችሁትን ከጥቂት ቀን በኋላ ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።